ዝምታዋ እንደ ቃሏ

ሐይቅና አምባሰል የጥበቃ አገር ናቸው። ይህን ስል ዘበኛና ጦር ማለቴ አይደለም፤ በዚያ ምድር «መጠበቅ» የሚለው ቃል ከብዙ ስፍራ ይልቅ ረጅም ታሪክ አለው ማለቴ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ከሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው አጠገብ፣ ወደ ውኃው ዘልቆ በገባ መሬት ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው እ.ኤ.አ. በ1248 ገዳሙን ካቀኑት ወዲህ ስፍራው የመነኮሳትና የመጻሕፍት ማደሪያ ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ከተማሩት አንዱ ነበሩ። የገዳሙ አለቃ በመካከለኛው ዘመን «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕርግ ነበረው፤ የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቅ፣ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ማለት ነው። ሴት ልጅ ወደዚህ ገዳም አትገባም፤ ገዳሙ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሥርዓቱም ዛሬ ድረስ ይጠበቃል።

ከሐይቁ ራቅ ብሎ በአምባሰል ተራሮች መካከል ግሸን አምባ ቆሟል። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንድሞችና ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ወደዚያ አምባ ይወጡ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን እስኪይዝ ድረስ ልዑላኑ በዚያ ተጠብቀው ኖረዋል። የአምባሰል ገዢዎች የሚጠሩበት «ጃንጥራር» የተሰኘው ጥንታዊ ማዕርግም ከዚሁ የአምባ ጥበቃ ጋር የተያያዘ ነው።

እነዚህ ሁለት ጥበቃዎች በስም ቢመሳሰሉም በነገር ይለያያሉ። መነኩሴው በገዳም የሚጠበቀው በገዛ አፉ ቃል ገብቶ፣ ዓለምን እተዋለሁ ብሎ፣ በፈቃዱ ቆብ ጭኖ ነው። በግሸን የተቀመጠው ልዑል ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ስለ እርሱ የወሰኑለት ሌሎች ናቸው፤ ምክንያቱም «ለአገር ደኅንነት» የሚል ነበር። ከዚህ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ላቅርብ፤ የሴት ልጅ ጋብቻስ በየትኛው ጥበቃ ሥር ኖረ? በገዳሙ ነው ወይስ በአምባው? አባት፣ ወንድም፣ አጎት፣ ኋላም ባል «እጠብቃታለሁ» ሲሉ ቃሏን ይጠብቁላት ነበር ወይስ ቃሏን ይወስዱባት ነበር?

በአገራችን የጋብቻ ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ አንባቢ ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ከልጅቷ አባት ደጅ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» ይላሉ። በዚህች አጭር ሐረግ ውስጥ ሁለት ባለቤቶች አሉ፤ የእርስዎ ልጅ፣ የእኛ ልጅ። አባትየው ቶሎ እሺ ማለት ነውር ነውና «ዘመድ ላማክር» ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ። አጎት ይማከራል፤ ወንድም ይማከራል፤ ዘር ይቆጠራል፤ መሬትና ከብት ይመዘናል። እናት በጓዳ የምታሳድረው ተጽዕኖ ቀላል አይደለም፤ ይሁን እንጂ በሽማግሌ ፊት የሚጸናው ቃል ከወንድ አፍ የወጣው ነው። ልጅቷ በዚያች ሰዓት ምናልባት ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። የሰማንያ ጋብቻ ውል ሲታሰርም በየወገኑ ዋስ ይጠራል፣ ጥሎሽ ይነገራል፣ «ንጉሥ ይሙት» ተብሎ ይማላል። ዋሱም፣ ማዩም፣ ተዋዋዩም ወንድ ነው። አበው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉት ለምሳሌ ያህል ብቻ አልነበረም፤ የሥነ ሥርዓት ሕግ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የአማራው ልማድ ሴትን ፈጽሞ መብት የነሣ ነበር ማለት ታሪክን ማዛባት ነው። በርስት ሥርዓት ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ከአባቷም ከእናቷም ወገን መሬት ትወርስ ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሴት ፍቺ መጠየቅ፣ ስትፈታም ከቤቱ ሀብት ድርሻዋን መውሰድ ትችል ነበር። በዚያው ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያገባች ሴት በገዛ ንብረቷ ላይ ለማዘዝ የባሏን ፈቃድ ትጠብቅ እንደነበር ስናስታውስ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ለሁለተኛው ጋብቻ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትናገር ነበር። «ፈት» የሚለው ስም በሰዉ አፍ ንቀት ቢኖርበትም ውስጡ ነጻነት ነበረበት። እንግዲህ የአባት ሥልጣን ሙሉ ክብደቱ ያረፈው በመጀመሪያው ጋብቻ ላይ ነበር፤ ገና ባል ባላወቀችው፣ ብዙ ጊዜም ገና ልጅ በሆነችው ላይ። አንዳንዷ ከጡት ሳትወርድ ትታጫለች፤ አንዳንዷም በማደጎ ጋብቻ ተሰጥታ በአማቶቿ ቤት ታድጋለች።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ስለዚህ ምን ይል ነበር? በግብፅ በኢብን አል-ዓሳል እ.ኤ.አ. በ1230ዎቹ የተጠናቀረውና ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻ ሰፊ ሥርዓት ይዟል፤ የሚጋቡት ሁለቱ ሰዎች መስማማት እንዳለባቸውም ያስተምራል። መጽሐፉ ካይሮ ላይ ሲጻፍና አባ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ሐይቅ ሲመጡ በመካከሉ ያለው ጊዜ አንድ ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። ይሁንና የባላገሩ ጋብቻ በአብዛኛው በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነበርና የሊቃውንቱ መጽሐፍ ከሽማግሌዎቹ ሸንጎ እምብዛም አልደረሰም። ፈቃድ በብራና ላይ ተጽፎ ነበር፤ በዳሱ ሥር ግን የሚናገርለት አባት ነበር።

ወሎን ስንናገር ክርስቲያኑን ብቻ ብንናገር ግማሹን መተው ይሆናል። በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው ኖረዋል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ወንድማማች መሆን በወሎ ብርቅ አይደለም። በእስልምናው ሕግ የጋብቻ ሞግዚት «ወሊይ» ይባላል፤ አባት ነው፣ አባት ከሌለ አያት ወይም ወንድም ወይም አጎት፣ በቅደም ተከተል የሚመጣ ወንድ ዘመድ። በወሎ የሐነፊም የሻፊዒም መዝሀብ ተከታዮች አሉ። በሻፊዒው ዘንድ ሴት ያለ ወሊይ ኒካህ አታስርም፤ በሐነፊው ዘንድ ለአካለ መጠን የደረሰች ጤነኛ ሴት የራሷን ጋብቻ ራሷ ልትዋዋል ትችላለች። ስለዚህ የአንዲት ልጅ አፍ መከፈቱና መዘጋቱ በየትኛው ሼኽ መድረሳ አካባቢ እንደተወለደችም ሊወሰን ይችል ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ልዩነቱ ሳይሆን መመሳሰሉ ነው። በነቢዩ ትውፊት ቀድሞ አግብታ የነበረች ሴት ስለ ራሷ የመናገር መብቷ የጸና እንደሆነ፣ ልጃገረዷም ፈቃዷ መጠየቅ እንዳለበት፣ ብታፍር ግን ዝምታዋ እንደ እሺታ እንደሚቆጠር ይነገራል። ትእዛዙ ሲጀመር ልጅቷ ሳትጠየቅ እንዳትዳር የሚከለክል፣ ለዓይን አፋሯ የታሰበ ርኅራኄ ነው። በተግባር ግን መጠየቁ እየቀረ ዝምታው ብቻ ቀረ። በክርስቲያኑም ቤት እንዲሁ ነው፤ ፈት ትናገራለች፣ ልጃገረድ ዝም ትላለች። ሁለቱ ሃይማኖቶች በመጻሕፍቶቻቸው የልጅቷን ፈቃድ አኖሩ፤ ሁለቱ መንደሮች ግን በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ዝምታዋን እንደ ቃሏ መቁጠር። ዝምታ ደግሞ ምንም ሊባልበት የሚችል ባዶ ወረቀት ነው። በላዩ ላይ የሚጽፈው ብዕሩን የያዘው ሰው ነው።

ወሎ ሴቶቹን በሌላ ነገር ዝም አላሰኘም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወይዘሮ ወርቂቱ ስለ ልጃቸው ሞግዚት ሆነው አገር አስተዳድረዋል። እ.ኤ.አ. በ1865 ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ፣ የገዛ ልጃቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ሳለ፣ ምኒልክን ወደ ሸዋ ያሳለፉ እኒህ ሴት ናቸው። ዋጋውንም በልጃቸው ሞት ከፈሉ። እንግዲህ ሴት ለወንድ ልጇ ሞግዚት ሆና ሠራዊት ማዘዝና ስለ ጦርና ሰላም መወሰን ትችል ነበር። ያቺው ሴት በልጅነቷ ግን ማንን እንደምታገባ አትጠየቅም። እናትነት ሥልጣን ይሰጣል፤ ልጅነት ይነፍጋል። በመሳፍንቱ ቤት ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር፤ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ሲዳሩ ዕድሜያቸው 6 ዓመት ያህል ነበር። የባላገር ልጅ ጋብቻ መሬትና መሬትን ያገናኝ ነበር፤ የመሳፍንት ልጅ ጋብቻ ግን ጦርና ጦርን ያስታርቅ ነበርና ፈት መሆን እንኳ ነጻ አያወጣም።

ለዚህ ከአምባሰል የተሻለ ምስክር የለም። ኋላ እቴጌ የሆኑት መነን አስፋው የአምባሰሉ ገዢ የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ፤ በደሴ ያለው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተጠራው በእኒሁ ሴት ስም ነው። መነን ገና በልጅነታቸው ለአንድ የወሎ መኮንን ተዳሩ፤ ያ ጋብቻ በፍቺ አለቀ። ቤተሰቡ ለሁለተኛ ሹም ዳራቸው፤ ባል ሞተ። ሦስተኛውን ጋብቻ ያዘጋጁት አያታቸው ራስ ሚካኤል ነበሩ፤ ሙሽራውም በዕድሜ እጅግ የሚበልጧቸው የሸዋው መኮንን ልዑልሰገድ አጥናፍሰገድ ነበሩ። ይህ ጋብቻ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ በ1903 ዓ.ም. መነን ለደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ሆኑ። ይህን አራተኛ ጋብቻ ያቀነባበሩት አጎታቸው ልጅ ኢያሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ልጅ ኢያሱ ለወይዘሮ ስሂን በአባት የሚገናኙ ወንድም፣ ለመነን አጎት ናቸው። በዕድሜ ግን አጎትየው ከእኅታቸው ልጅ ያንሱ ነበር፤ በ1903 ዓ.ም. ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። መነን በዚያን ጊዜ ሦስት ትዳር ያዩ፣ ልጆች የወለዱ ሴት ነበሩ። «ሴትን ወንድ የሚጠብቃት የበለጠ ስለሚያውቅ፣ ስለበሰለ ነው» የሚለው ማስረጃ በዚህ ቦታ ይወድቃል። ሞግዚትነቱ የመጣው ከዕድሜም ከልምድም አልነበረም፤ ወንድና የዙፋን ወራሽ ከመሆን እንጂ። ኢያሱ በዚህ ጋብቻ ተፈሪን በዘመድ ሊያስሩ አስበው ከሆነ ገመዱ አልያዘም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በሰገሌ ሜዳ የሸዋ ጦር ንጉሥ ሚካኤልን ድል አደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው፣ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆነው ነበር። ከሰገሌ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የቀድሞው ባል ራስ ልዑልሰገድ የንጉሥ ሚካኤልን ጦር ሲወጉ ወድቀዋል። አስቡት፤ አያት በአንድ ወገን፣ ባል በሌላው ወገን፣ የቀድሞ ባል ከሙታን መካከል። መነን በእነዚህ ሰዎች መካከል በገመድነት የተዘረጉ ነበሩ፤ ገመዱ ሲበጠስ ሕመሙን የሚሰማው ማን እንደሆነ የታሪክ መጻሕፍት አልጠየቁም።

ያ አራተኛ ጋብቻ ግማሽ ምዕት ዓመት ዘለቀ፤ በብዙዎች ምስክርነትም መከባበር ያለበት ትዳር ነበር። ይህን የምጽፈው የታዘዘ ጋብቻ ሁሉ መራራ ነበር እንዳይባልብኝ ነው። በሽማግሌ ቃል ተጋብተው በፍቅር ያረጁ ስንቶች ናቸው! ነገር ግን የሕግ ጥያቄ «ትዳሩ ጣፋጭ ሆነ ወይ?» አይደለም። የሕግ ጥያቄ «እምቢ ብትል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ነው። እቴጌ መነን ራሳቸው ለዚህ ጥያቄ በቃል የሰጡት መልስ አላገኘሁም፤ በሥራ የሰጡት ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 በአዲስ አበባ በስማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ለትምህርት የተቀመጠች ልጅ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ከሽማግሌ ቀጠሮ ትርቃለች።

አሁን ወደ ተጻፈው ሕግ እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋና አርቃቂ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ተጋቢዎች ራሳቸው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ አስገድዷል፤ ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን መተጫጨትን የተረጎመው የሁለት ቤተሰቦች ውል አድርጎ ነው፤ «ልጅዎን ለልጃችን» በሕግ ቋንቋ ማለት ነው። የጋብቻ ዕድሜን ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገ። በ15 ዓመቷ የምትዳር ልጅ ገና በሞግዚት ሥር ያለች ናት፤ ከሞግዚት እጅ ወጥታ የምትገባውም ወደ ሌላ ሞግዚት እጅ ነው። በቁጥር 635 ባል የቤተ ሰቡ አለቃ ሆነ፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ተደነገገ። በቁጥር 641 መኖሪያ ቤት የሚመርጥ ባል ነው፤ በቁጥር 644 ሚስቱን የመጠበቅና አካሄዷን የመምራት ሥልጣን አለው፤ በቁጥር 656 የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድር እርሱ ነው።

ይህ የባህላችን ድምፅ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ምንጩን ስፈልግ ያገኘሁት ከወሎም ከጎንደርም ይልቅ ፓሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ሕግ በ213ኛው አንቀጽ ባል ለሚስቱ ጥበቃ፣ ሚስትም ለባሏ መታዘዝ እንዳለባት ደንግጎ ነበር። ፈረንሳይ የመታዘዝን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1938 ሠርዛዋለች፤ የባልን የቤተሰብ አለቅነት ደግሞ በ1970 ሽራለች። ስለዚህ ኢትዮጵያ ሚስት ትታዘዝ የሚለውን ቃል በሕግ ስትጽፍ ፈረንሳይ ከጣለችው 22 ዓመት አልፎ ነበር። በርስትና በሰማንያ ሀብቷን ስትካፈል የኖረች የባላገር ሴት በዘመናዊው ሕግ ሀብቷን የሚያስተዳድርላት አለቃ ተሾመላት። እቴጌ መነን ያረፉት በየካቲት 1954 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ ከወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ የባሰ ቀዳዳ ነበረበት። ጠለፋ ወንጀል ነው ይላል፤ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ግን ክሱ የሚቆምበትን በር ከፍቷል። ይህ በር በመንደር እንዴት እንደሚሠራ ግልጽ ነው። ልጅቷ ትጠለፋለች፤ ክብሯ ይደፈራል፤ ከዚያ ሽማግሌ ወደ አባቷ ይላካል፤ ካሣ ይነገራል፤ አባት «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ብሎ ይታረቃል። አስቀድሞ ያልተጠየቀው የሞግዚት ፈቃድ ከድርጊቱ በኋላ ተጠይቆ ወንጀሉን ጋብቻ ያደርገዋል። የልጅቷ ፈቃድ ግን በፊትም በኋላም አልተጠየቀም። በ1989 ዓ.ም. በአርሲ ዕድሜዋ 14 የሆነ ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር በያዘችው መሣሪያ ጠላፊዋን ገደለች። ነፍስ በመግደል ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚያ ችሎት አንዲት ልጅ ዝምታዋ እሺታ እንዳልነበረ አገር ሰማ።

ከዚያ ወዲህ የሕጉ መንገድ ፈጠነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት፣ በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ ባልና ሚስት እኩል መብት እንዲኖራቸው ደነገገ። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የባልን አለቅነትና የሚስትን መታዘዝ አስቀረ፤ የጋራ ሀብትን በጋራ ማስተዳደር አዘዘ፤ የቤተሰቦች ውል የነበረውን መተጫጨትም ከመጽሐፉ አወጣው። ሐይቅና አምባሰል የሚተዳደሩበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ታወጀ፤ የፈቃድና የ18 ዓመት መሠረቱ ያው ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን የጠለፋ በር ዘጋው፤ ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም፤ ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባትም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ።

ሕገ መንግሥቱ በዚያው አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በዚህ መሠረት ይሠራሉ። ወሊይ ስለሚባለው ሞግዚት በእስልምናው ዓለም ውስጥ ራሱ ክርክሩ ሕያው ነው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ወሊይ ብትፈልግ እንድታቆም፣ ባትፈልግ ራሷ እንድትዋዋል ፈቀደች። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ የሴት ጋብቻ በወንድ ሞግዚት በኩል እንዲፈጸም በጽሑፍ አጸናች። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንድ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ልዩነቱ ያለው በመጽሐፉ ሳይሆን ለንባቡ ማን ድምፅ እንደተሰጠው ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ታዲያ ሥራው አለቀ? አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ሳይሞላቸው ነው። ብዙዎቹ ባገቡበት ዘመን የነበረው ሕግ አሮጌው ቢሆንም አኃዙ የልማድን ክብደት ያሳያል። የፌዴራሉ ሕግም ትንሽ መስኮት ትቷል፤ ከባድ ምክንያት ሲኖር ተጋቢዎቹ ራሳቸው ወይም ወላጅ ወይም ሞግዚት አመልክተው ዕድሜው እስከ 2 ዓመት ሊቀነስ ይችላል። ከዚህ መስኮት የሚሰፋ ሌላ በር ደግሞ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደች፣ ከዚያ ወዲህም ያልተመዘገበች የገጠር ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው ሲባል መልስ የሚሰጠው ማን ነው? አባቷ ነው። «ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል» ካለ ሞላት። ሕግ የጋብቻን ቃል ከሞግዚቱ አፍ ወስዶ ለልጅቷ ሰጠ፤ ዕድሜዋን የመናገር ቃል ግን አሁንም በእርሱ አፍ ቀርቷል፤ በዚያ በኩል ሁሉም ነገር ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

አባቶችን ለመክሰስ አልጻፍሁም። ልጁን ለጎረቤቱ ልጅ የሚድር ገበሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ መሬቷ፣ ስለ ደኅንነቷ፣ እርሱ ሳይሞት ጎጆ ስለ መውጣቷ ነው። ጥበቃው እውነተኛ ፍቅር አለበት። የግሸን አምባም ሲሠራ ስለ አገር ሰላም ታስቦ ነበር። ችግሩ አምባው በር ያለው መሆኑ አይደለም፤ ቁልፉ ከውጭ መሆኑ ነው። ገዳምም በር አለው፤ ገዳም የሚገባው ሰው ግን በሩ ላይ ቆሞ «ፈቃድህ ነው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በገዛ አፉም ይመልሳል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ለወንድ መነኩሴ የተሰጠው ይህ አንድ ጥያቄ ከገዳሙ ማዶ ለምትኖረው ልጅ በሕግ እስኪደርስ 750 ዓመት ያህል ፈጅቷል። አሁን ደርሷል፤ ተጽፏልም። የቀረው ጥያቄው በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በቃዲው ፊት፣ በመዝጋቢው ፊት ለእርሷ ለራሷ መቅረቡ ነው፤ ዝም ካለችም ዝምታዋን እንደ ቃሏ ከመቁጠር ይልቅ እንደገና መጠየቅ፣ ለመልሷም መታገሥ።